በፈንታ በር ላይ የቆመው ባለጎማ ቤት

ወይዘሮ ዝማም ወንድማቸውን ይቅር አላሉም። በለቅሷቸው ላይ የተባለው፣ ከዚያም ወዲህ ሰቆጣ ውስጥ በየሻይ ቤቱ የሚባለው ሁሉ ውሸት ነው።

መሞታቸውን የሰማሁት ደሴ ሆኜ ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ካሣ ደወሉና «መምህር፣ ዝማም አረፈች» አሉኝ። ሰቆጣ ስደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር፤ ድንኳኑ ግን ጢም ብሏል። አንድ ወጣት ሰባኪ ቆሞ ያስተምራል። «ይህች እናት» ይላል፣ «የበደላትን ወንድሟን ሊሞት ሲል በገዛ መኪናዋ ጭና ሐኪም ቤት ያደረሰች፣ የይቅርታ አብነት ናት!» ሴቶቹ ያነባሉ። ከፊት፣ የክብር ቦታው ላይ፣ ወንድምየው ፈንታ ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ሰባኪው «ይቅርታ» ባለ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። ስብከቱ ሲያልቅ ተነሣና «በእኔና በእኅቴ መካከል ትንሽ አለመግባባት ነበረ። እሷ ግን ትልቅ ሰው ነበረችና ረሳችው» አለ።

ጋሽ ካሣ ከጎኔ ነበሩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሰማኸው? እንደገና ማለ» አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ስለዚያች ቃል ነው። ለሟች ክብር ብዬ ነው ብል ያምርብኝ ነበር፤ ግን ለበቀል ነው። በቀል ባለቤቱን ይበላል የሚል ምክር በስንት መጽሐፍ ውስጥ አንብቤአለሁ። ጸሐፊዎቹ ወይዘሮ ዝማምን አላዩም። እኔ ባወቅኋቸው ዓመታት በቀል ቀለብ ሆኗቸው ወፈሩ እንጂ አልከሱም። አንባቢ እንዳይታዘበኝ ደግሞ አስቀድሜ ልናገር፤ ፈንታ በዕድሜ አባቴ ይሆናል፣ አንቱ የማልለው ሆን ብዬ ነው።

ሰቆጣ የገባሁት መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በታሪክ መምህርነት ተመድቤ ነው። የተከራየኋት ክፍል በሁለት ረጃጅም የድንጋይ ካቦች መካከል በምታልፍ ጠባብ መተላለፊያ አፍ ላይ ነበረች። መተላለፊያዋ ስታልቅ አንድ ትልቅ የድንጋይ ቤት አለ፤ የወይዘሮ ዝማምና የፈንታ አባት የሠሩት ነው። ይኖርበት የነበረው ፈንታ ነው። ወይዘሮ ዝማም ከገበያው በታች በኪራይ ቤት ተቀምጠው፣ ከአበርገሌ ማርና የፍየል ቆዳ እያስመጡ ይነግዱ ነበር። ማር ልገዛ ሄጄ ተዋወቅን።

ረጅም፣ ደረቅ ሳቅ ያላቸው ሴት ነበሩ። ሲያስቡ መቀነታቸውን ይፈታሉ፤ ሲወስኑ መልሰው ያስሩታል። በቆዳ ዋጋ ሊስማሙ የመጡ ነጋዴዎች ዓይናቸው ከመቀነቱ ላይ አይነሣም ነበር። ደግሞ በደፈናው የሚነገር ነገር አይወዱም። አንድ ቀን ስለ አንድ ጥንታዊ ንጉሥ ታላቅነት ሳወራላቸው አቋረጡኝ።

«ልኩን ንገረኝ። ምን ያህል ነው ታላቅነቱ?»

«ብዙ አገር ያስገበረ ነው፣ እትዬ።»

«እሱማ ብዙ ሰው አስርቧል ማለት ነው። ታላቅነቱን ነው የጠየቅሁህ።»

ከዚያ ወዲህ ክፍል ገብቼ «ታላቅ» የምትለዋን ቃል ባነሣሁ ቁጥር አፌ ይያዛል።

በደሉ እንዲህ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ቤቱ ለሁለቱ ልጆች እኩል ይሁን ብለው በቃል ተናዘዋል። የሰሟቸው የንስሐ አባታቸው ነበሩ፤ እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሏቸው። ፈንታ «እኅቴ ድርሻዋን ስትዳር ወስዳለች፤ ጊደርና ወርቅ ተሰጥቷታል» አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ምስክር ጠፋ። በአገሩ ደንብ ምስክር ሲጠፋ የሚቀረው መሐላ ነው። ፈንታ የሰፈሩን የማርያም ቤተ ክርስቲያን በር በእጁ ይዞ፣ መጀመሪያ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ማለ።

በዚያ ደንብ መሐላ ነገርን ይዘጋል። ከመሐላ በኋላ ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው፤ እንደገና የሚያነሣው ሰው እግዚአብሔርን ፍርድ አታውቅም እንዳለ ይቆጠራል። ስለዚህ ወይዘሮ ዝማም ከቤቱ ጋር አንደበታቸውንም ተነጠቁ። ይባስ ብሎ ሰው ሁሉ ሁለት ጊዜ ልትበላ የፈለገች ሴት እያለ ያያቸው ጀመር። የዓመታት ደንበኞቻቸው ሳይቀሩ ማሩን ከላይ ቀምሰው ሲያበቁ፣ ከሥርም በእንጨት አውጥተው ይቀምሱ ጀመር። እሳቸው ቆመው ያያሉ።

«ቤቱን አልፈልገውም» አሉኝ አንድ ቀን። «ድንጋይ ነው። ጣሪያውም ያፈሳል። እኔ የምፈልገው አፉን ነው። በዚያው በር ላይ፣ በዚያው አፉ፣ ዋሸሁ እንዲል።»

«ከመሐላ በኋላ ማንሣት ነውር ነው ይባል የለም እንዴ፣ እትዬ?»

«ማንሣት ነው ነውሩ። መቆም ግን ማን ከለከለኝ?»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ጋሽ ካሣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው እምብዛም የማይሰማ ሰው ናቸው። ያልረገጡት አውራጃ የለም፤ ግን ሁሉንም የሚያውቁት በመስታወት ነው። «ጣናን ስንቴ አልፌው፣ ውኃውን ነክቼው አላውቅም» ይሉ ነበር። «ዕቃው ይጠበቃላ!» ምኞታቸው እነዚያኑ መንገዶች እንደገና መሄድ፣ ደስ ባላቸው ቦታ መቆም፣ ቆመውም ማደር ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከሚስታቸው ጋር። ወይዘሮ ዝማም «አንድ ቀን» ይሏቸዋል። ጋሽ ካሣ ልባቸው ትንሽ ታሞ ስለነበር «አንድ ቀን» የምትለዋን ቃል አይወዷትም።

የሁለቱን ምኞት ያጋጨሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ለትምህርት ቤታችን በእርዳታ ከመጡ አሮጌ የውጭ መጽሔቶች በአንዱ ላይ፣ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ቤታቸውን ሸጠው በባለጎማ ቤት አገር ለአገር ሲዞሩ የሚያሳይ ጽሑፍ አገኘሁ። አልጋው፣ ምድጃው፣ መታጠቢያው ሁሉ መኪናው ውስጥ ነው። ጋሽ ካሣ ይደሰቱ ብዬ ወስጄ ተረጎምኩላቸው። ጽሑፉ ለረጅም ጉዞ የመኪናውን መጠን ስለመምረጥ ይመክራል። በየደረሰበት ብዙ የሚሰነብት ሰው ትልቁን ይውሰድ፤ በየቀኑ የሚነሣ ሰው ትንሹን ይውሰድ፤ መካከለኛው ግን እንደ ትልቁ ቤንዚን እየጠጣ እንደ ትንሹ ያስጎነብሳልና ይቅርባችሁ ይላል።

ጋሽ ካሣ እንዲያ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። «ትንሹማ አይሆንም!» አሉ። «ለአጭር መንገድ መኝታ ይበቃል። ለረጅም መንገድ መኳረፊያ ያስፈልጋል። ባልና ሚስት ዓመት ሙሉ ሲሄዱ፣ አንዳቸው አኩርፈው የሚቀመጡበት ጥግ ከሌለ አንዳቸው መንገድ ላይ ይቀራሉ።»

«አንተ ደግሞ መቼ አኩርፈህ ታውቃለህ?» አሉ ወይዘሮ ዝማም።

«ቦታ አጥቼ ነዋ!»

እሳቸው ግን ዓይናቸው ሥዕሉ ላይ ነበር። መቀነቱ ተፈትቷል።

«ይኼ ነገር ቤት ነው መኪና?»

«ሁለቱንም ነው፣ እትዬ። ሲሄድ መኪና፣ ሲቆም ቤት።»

«ሲቆም ቤት» አሉ ቀስ ብለው። «ወርዱስ? ልኩን ንገረኝ።»

ሳልመልስላቸው መቀነቱ ታሰረ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወይዘሮ ዝማም የመተላለፊያዋ መጨረሻ ላይ፣ ከፈንታ በር ፊት ለፊት ናቸው። መቀነታቸውን ከአንዱ ካብ እስከ ሌላው ወጥረው፣ ልኩ ላይ ቋጠሮ አሰሩበት። ከዚያ ጀርባቸውን ካቡ ላይ ለጥፈው ቆሙና፣ ደረታቸው የደረሰበት ላይ ሁለተኛ ቋጠሮ አሰሩ።

«ይቺኛዋ ምንድን ናት?» አልኳቸው።

«ሰው በጎኑ የሚያልፍባት። እንዳለ ከዘጋሁት፣ ደጅ ዘጋች ብለው በፖሊስ ያስነሡኛል። አስፍቼ ከተውኩለት ደግሞ ቀጥ ብሎ ያልፋል። እኔ የምፈልገው በጎኑ እንዲያልፍ ነው። በጎኑ ካለፈ ወይ ፊቱን ወይ ጀርባውን ወደ መስኮቴ ያዞራል። እስቲ የቱን እንደሚያዞር እናያለን።»

ስለ በቀል ብዙ አንብቤ፣ በመቀነት ሲለካ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ለክረምት እረፍት ወደ ደሴ ስወርድ ሁለቱም አብረውኝ መጡ። ኑሩ የሚባል ያገለገለ መኪና ነጋዴ ግቢ ውስጥ ሦስት ለእኛ የሚሆኑ ቆመው ነበር፤ አንድ ከሥራ የወጣ ትልቅ አውቶቡስ፣ አንድ ቅጥቅጥ የምንለው መካከለኛ አውቶቡስ፣ አንድ ሚኒባስ። ወይዘሮ ዝማም መቀነታቸውን ፈትተው የመኪኖቹን የኋላ ወርድ ይለኩ ጀመር።

«እማማ» አለ ኑሩ እየሳቀ፣ «መኪና እኮ ነው፣ ቀሚስ መሰለዎት?»

«ቀሚስ ቢሆን አንተ ዘንድ ምን አመጣኝ? ይልቅ ያን ጫፍ ያዝ!»

ኑሩ ጫፉን ያዘ።

ጋሽ ካሣ በዚህ ጊዜ ትልቁ አውቶቡስ ውስጥ ገብተው ነበር። ወንበሮቹ ተነቅለው ወለሉ ባዶ ነው። በጀርባቸው ተንጋለው፣ እጅና እግራቸውን ዘርግተው «ዝማሜ! ነይማ እዪ! በምንም በኩል አልነካም!» እያሉ ይጣራሉ። ከዚያ ተነሥተው በአየር ላይ ግድግዳ ይሠሩ ጀመር። አልጋው እዚህ፣ የውኃው በርሜል ከጎማው በላይ፣ መኳረፊያው ከኋላ፣ መጋረጃም ይኖረዋል።

ትልቁ ከመጀመሪያው ቋጠሮ ክንድ ያህል አለፈ። ሚኒባሱ ደግሞ ጠቦ «በዚህስ አጠገብ የተጫነች በቅሎ ታልፋለች» ተባለ። ቅጥቅጡ ላይ ሁለተኛው ቋጠሮ በጠርዙ ላይ ልክ አረፈ። ወይዘሮ ዝማም ተነፈሱ።

ጋሽ ካሣ ቅጥቅጡ ውስጥ ገቡ። አንገታቸውን ሰብረው ቆሙ። ወርዱን ተኙበት፤ ራሳቸው አንዱን ግድግዳ፣ እግራቸው ሌላውን ነካ። ወጥተው ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ መጽሔቱ ምን ነበር ያለው?»

«መካከለኛውን አትውሰዱ።»

መቀነቱን አዩ፤ ሁለቱን ቋጠሮዎች አዩ። ዕድሜ ልካቸውን መኪና በጠባብ በር ያስገቡ ሰው ናቸውና ለማን በር እንደተለካ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«ይኼ የሚሄድ አይደለም» አሉ። «የሚቆም ነው።»

«አፉን እስኪመልስ ብቻ ነው» አሉ ወይዘሮ ዝማም። «አፉን በመለሰ ማግስት እንሄዳለን። ቃሌ ነው።»

ጋሽ ካሣ ትልቁን አውቶቡስ አንድ ጊዜ ዞረው አዩት። «እኔ እንግዲህ እግሬን አጠፍኩ» አሉና ኑሩን ሊያነጋግሩ ሄዱ። ስለ ታጋሽ ባሎች የሚጻፈውን ሁሉ የማላምነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፤ ጋሽ ካሣ ሲታገሡ ሳይሆን እንደ ወዶ ዘማች ሲመዘገቡ ነው ያየሁት።

ሰቆጣ ላይ አንድ አናጢ አልጋና መደርደሪያ ሠራበት፤ ከኋላው ሰፊ በር ከፈተለት፤ በጣሪያው የጭስ መውጫ ቧንቧ አወጣለት። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ጋሽ ካሣ ወደ ኋላ እየነዱ፣ አንድ ድንጋይ እንኳ ሳይነኩ፣ እስከ ፈንታ በር አስገቡት። ሰው ካብ ላይ ተሰቅሎ አየ። የባልና ሚስቱ የንስሐ አባት መጥተው ጸበል ረጩበት። ቤት ሆነ።

ፈንታ ቀበሌ ሄደ። የቀበሌው ሊቀ መንበር መጥቶ «ወይዘሮ ዝማም፣ መኪናዎትን ያንሱ» አለ።

«መኪና ከሆነ አንተን ምን አገባህ? ትራፊክ ጥራ።»

ትራፊኩ መጣ። ዞረው፤ መተላለፊያውን በጎኑ አልፎ ሞከረው። «ሰው ያልፋል። ደግሞ ይኼ ምድጃ አለው፣ ጭስ ያወጣል፤ ይኼ ቤት ነው። የቀበሌ ጉዳይ ነው» ብሎ ሄደ።

«ቤት ከሆነ» አሉ ወይዘሮ ዝማም ለሊቀ መንበሩ፣ «ቁጥር ስጠኝ።»

ጎማ ላለው ነገር ቁጥር የሚሰጥ ደንብ አልነበረም። ሁለቱ ቢሮዎች እየተላላኩ ዓመቱ አለቀ፤ እኔ ስለ መንግሥት አስተዳደር ካነበብኩት ሁሉ ያን ያህል ያስተማረኝ የለም።

ፈንታ በመጀመሪያ ጀርባውን አዞረ። በየማለዳው ካቡን እያቀፈ ሲያልፍ መስኮቷ ትከፈታለች። ድሮ «ጋሼ» ይሉት የነበሩት እኅቱ አንድ ቀን እንኳ ስሙን ሳይጠሩ፣ «እንደምን አደርክ፣ ጎረቤት? ጀርባህ ወፍሯል!» ይሉታል። ሲሰለቸው ፊቱን አዞረ። «እንደምን አደርክ፣ ጎረቤት? ዓይንህ ቀልቷል፣ እንቅልፍ የለህም እንዴ?» ከዚያ በኋላ የኋለኛውን የጎረቤት ካብ መዝለል ጀመረ። የሰበካ ጉባኤ አባል፣ የተከበረ ነጋዴ፣ ጋቢውን በጥርሱ ይዞ ካብ ሲዘል ከተማው ሁሉ አየው። ባለካቡ ከልክሎት ተመልሶ ወደ መስኮቷ መጣ። የበኩር ልጁ ስትዳር ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ተራ በተራ በጎን በጎን ወጡ። ወይዘሮ ዝማም በመስኮት እልል አሉላት። ከልባቸው ነበር፤ ልጅቱ ምን አጠፋች?

ሽማግሌዎች መጡ። ግማሹን ቤት ይስጥሽ አሉ። «አፉን» አሉ። በገንዘብ ይካስሽ አሉ። «አፉን።» መሐላ አይነሣም አሉ። «እኔ ምን አነሣሁ? ቤቴ ተቀምጫለሁ።»

ጋሽ ካሣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ጉልበታቸውን አጥፈው ይተኛሉ። እሑድ እሑድ ሞተሩን ያስነሣሉ፤ መሪውን ይዘው ትንሽ ተቀምጠው መልሰው ያጠፉታል። አንድ ጊዜ ደረታቸውን አሟቸው ወልዲያ ደርሰው ሲመለሱ፣ ወይዘሮ ዝማም መቀነታቸውን ፈትተው ለብዙ ቀን ሳያስሩት ቆዩ። እንሂድ ይሉ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ጋሽ ካሣ ራሳቸው ወስደው አሰሩላቸው።

በሦስተኛው ዓመት ክረምት ፈንታ አንድ ማለዳ ሆዱን ይዞ ወደቀ። የጤና ጣቢያው ሰው አይቶት አንጀቱ ተጠማዟል፣ ዛሬውኑ ወልዲያ ደርሶ ካልተቀደደ አይተርፍም አለ። የጤና ጣቢያው መኪና አበርገሌ ወርዷል፤ የሕዝብ መኪና በጠዋት ወጥቷል። እኔና ሁለት ሽማግሌዎች ቃሬዛ ይዘን ገባን። ተሸክመነው ከበሩ ስንወጣ ቆምን። ቃሬዛ በጎኑ አያልፍም።

«ዝማም!» አለ አንደኛው ሽማግሌ። «ወንድምሽ ሊሞት ነው! መኪናውን አንሺልን!»

የኋላው በር ተከፈተ። «አላነሣም። አግቡት» አሉ።

ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። «እግዜር ይስጥሽ! እግዜር ይባርክሽ!» እያሉ በጋሽ ካሣ አልጋ ላይ አጋደሙት። ሰባኪው በድንኳኑ የተረከው ታሪክ እዚህ ላይ ያልቃል። እኔ ግን መኪናው ውስጥ ነበርኩ።

ከመተላለፊያዋ እንደወጣን መንገዱ በማርያም ደጃፍ ያልፋል። «ካሣ፣ ቁም» አሉ ወይዘሮ ዝማም። ጋሽ ካሣ መቆም ብቻ አልነበረም ያደረጉት። መሪውን አዙረው፣ ቀስ እያሉ፣ ከአልጋው በላይ ያለው መስኮት ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጋር እስኪሳሳም ድረስ አስጠጉት።

«ጎረቤት» አሉት ወይዘሮ ዝማም። «በሩ ያውልህ።»

«ዝማም… እየሞትኩ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ሴት፣ እግዚአብሔርን አትፈሪም?» ብሎ ጮኸ ሽማግሌው። «መሐላ ይነሣል?»

«እኔ አላነሣሁም። ያሰረው ይፍታው።»

ሽማግሌው ወደ ፊት ዞረ። «አቶ ካሣ! እርስዎ ወንድ አይደሉም? ይንዱት እንጂ!»

ሁላችንም እሳቸውን አየን። ለማንም ክፉ ተናግረው የማያውቁ ሰው ናቸው። እጃቸውን ወደ ቁልፉ ሰደዱና አጠፉት።

«ሞተሩ እየጮኸ አይሰማም» አሉ።

አረመኔነት ነው ትሉኝ ይሆናል። ነው። በሐሰት ምሎ እኅትን በገዛ ከተማዋ ሌባ ማስደረግም አረመኔነት ነው፤ ልዩነቱ ያኛው የተሠራው ጸጥ ባለ ቀን፣ ሁሉም ጤነኛ ሆኖ መሆኑ ብቻ ነው። ሰው በዝግታ የሚገድለውን በዝግታ ስለሚያየው አይደነግጥም።

ፈንታ እጁን በመስኮት አውጥቶ በሩን ያዘ። የደብሩ ቄስ ጩኸት ሰምተው መስቀላቸውን ይዘው ወጥተው ነበር። ፈንታ በኽምጣኛ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይዘው ወደ መሬት አቀረቀሩ።

«በአማርኛም» አሉ ወይዘሮ ዝማም። «መምህሩ አልሰማም።»

«ጊደርም ወርቅም አልወሰደችም» አለ ፈንታ። «አባቴ እኩል ነው ብሎ ነበር። በሐሰት ነው የማልኩት።»

ወይዘሮ ዝማም መቀነታቸውን አጠበቁ። «ንዳው» አሉ።

ጋሽ ካሣ እንደዚያን ዕለት ሲነዱ አይቼ አላውቅም። በኮረም ጠመዝማዛ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ መመለስ አላስፈለጋቸውም፤ ትልቁ አውቶቡስ ቢሆን ኖሮ በየመታጠፊያው እንመላለስ ነበር። ፈንታ ተቀደደ፤ ተረፈ። ወይዘሮ ዝማም ክፍሉ ድረስ አልገቡም። በማግስቱ ጠዋት በመስኮት ብቅ ብለው «እንደምን አደርክ፣ ጎረቤት?» አሉትና ሄዱ። እዚያው ከሐኪም ቤቱ ግቢ ተነሥተው፣ ሰቆጣ ሳይመለሱ፣ በቃላቸው መሠረት ጋሽ ካሣን ይዘው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ እኔ ወደ ደሴ ተዛወርኩ። አንድ ቀን ቤቴ ደጃፍ ላይ ያ ቅጥቅጥ ቆሞ አገኘሁት፤ ጭቃው የስንት አገር እንደሆነ አይታወቅም። ወይዘሮ ዝማም ደረጃው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያሻሉ።

«ጋሽ ካሣስ?»

በአገጫቸው ወደ ላይ አመለከቱኝ። ጣሪያው ላይ ወንበር ታስሯል፤ ጋሽ ካሣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠዋል።

«ከኮምቦልቻ ጀምሮ መኳረፊያው ላይ ነው» አሉ። «ጣናን ከነካ ወዲህ ባል አይመስለኝም፤ እንደልቡ ያኮርፋል። መጽሔትህ እውነቱን ነው፤ መካከለኛው ለመንገድ አይሆንም። ጉልበቴ አለቀ።»

«ይቆጭዎታል?»

«ለምኑ? ልኩ ነበር።»

የዚያን ዕለት አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። ባይናገርስ ኖሮ? ወይዘሮ ዝማም «ቁልፉን የያዘው እሱ ነው፣ እሱን ጠይቀው» አሉኝ። ወደ ጣሪያው ጮኼ ጠየቅሁ። ጋሽ ካሣ ሳይዞሩ «ቁም ያለችኝ እሷ ናት፣ እሷን ጠይቃት» አሉ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፤ ኩርፊያውም አለቀ።

ሰቆጣ ሲመለሱ ፈንታ የቤቱን ግማሽ ልስጥሽ ብሎ ላከባቸው። አልተቀበሉም። ማር ገዢዎቻቸው አንድ ጊዜ ቀምሰው መክፈል ጀመሩ፤ የፈለጉት እሱን ነበር። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ፈንታን አንድ ጊዜ እንኳ ወንድሜ ብለው አልጠሩትም። ይቅርታ እንዲህ ከሆነ በቀል ምን ሊሆን ነው?

አሁን ግን የደብሩ ቄስ አርፈዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎችም አርፈዋል። እሳቸውም ሄዱ። ፈንታ ይህን ቆጥሮ ነው በድንኳኑ የተነሣው። አለመግባባት ማለት ሁለት ሰዎች በየፊናቸው ቅን ሆነው የሚሳሳቱት ነገር ነው፤ የሐሰት መሐላ ግን አንድ ሰው ብቻውን፣ እያወቀ የሚሠራው ሥራ ነው። «ትንሽ አለመግባባት» ብሎ ጊደሩንና ወርቁን መልሶ በሟች አንገት ላይ አሰረ። ጋሽ ካሣ አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ድሮም አይሰማም። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ያለኝ እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ሰቆጣ ከሄዳችሁ የፈንታን ቤት ጠይቁ፤ ያሳዩአችኋል። አስጠሩትና በማርያም በር ላይ እጁን በመስኮት አውጥቶ ምን እንዳለ ጠይቁት። እስኪነግራችሁ ድረስ ከበሩ አትነሡለት።